ስለ እንግሊዝኛ የቅርብ ኀላፊ ጊዜ አነጋገሮችና ስለ አማርኛው «በልቻለሁ»

እንግሊዝኛ የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሁሉ «አይ ሃቭ ኢትን» ማለት «በልቻለሁ» ማለት ነው ተብሎ ተምሯል። ይህ ትምህርት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቀሪውን ግማሽ ማሳየት ነው። ይኸውም በእንግሊዝኛ «ፕረዘንት ፐርፌክት» የተባለው፣ እኛም በአማርኛ ሰዋስው ትምህርት የቅርብ ኀላፊ ጊዜ የምንለው የግሥ መልክ በዘወትር አነጋገር ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚሄድ፣ ከአማርኛው ጋር የት እንደሚገጥምና የት እንደሚለያይ በምሳሌ እናስረዳለን። እንግሊዝኛውን በፊደላችን ስለ ጻፍነው አንባቢ የሚያገኘው ድምፁን እንጂ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ አይደለም።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን አንድ ደብዳቤ ነው። በደጋው አገር መምህርት የሆነችና በክረምት እየመጣች ከእኛ ጋር የምትማር አንዲት እኅታችን ለተሻለ ሥራ ማመልከቻ ጻፈች። በማመልከቻዋም ላይ «አይ ቶት ኢን ዚስ ስኩል ፎር ፋይቭ ይርስ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። እርሷ ልትል የፈለገችው «በዚህ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት አስተማርኩ፤ አሁንም በዚያው አለሁ» ነው። ደብዳቤውን የተቀበለው መሥሪያ ቤት ግን ሥራዋን የለቀቀች መስሎት የመልቀቂያ ወረቀት እንድታቀርብ ጠየቃት። ያልለቀቀ ሰው መልቀቂያ ከየት ያመጣል? ነገሩ እስኪብራራ ድረስ የማመልከቻው ጊዜ አለፈ። እኅታችን ሰዋስው የማታውቅ ሰው አይደለችም፤ ያሳሳታት የአንድ ግሥ መልክ ነው። መሥሪያ ቤቱም የተጻፈውን በትክክል አነበበ እንጂ አልበደላትም። ስለዚህ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለሁላችንም የሚጠቅም መስሎ ታየን።

በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ያለን ተማሪዎች ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን የምንማረው ሦስተኛ ቋንቋ አድርገን ነው። በጨንቻ፣ በዲታ ወይም በቦንኬ ያደገ ልጅ በቤቱ ጋሞኛ ይናገራል፤ ወደ ከተማ ሲወርድ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ሦስቱም ቋንቋዎች የየራሳቸው ወገን አላቸው። ጋሞኛ ከወላይትኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ጋር በኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ይቈጠራል፤ አማርኛ ሴማዊ ነው፤ እንግሊዝኛም ከጀርመንኛ ጋር ዘመድ ነው። ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛው ትርጉም የሚነገረን አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ስለ ሆነ፣ በቤቱ ጋሞኛ የሚናገረውም ልጅ ቢሆን በዚህ ግሥ ላይ ሲሳሳት በጓደኞቻችን ደብተር እንዳየነው ስሕተቱ የአማርኛ መልክ ይዞ ይወጣል። ከዚህ የተነሣ ምርመራችን አማርኛንና እንግሊዝኛን በማነጻጸር ይሆናል።

1ኛ፤ ስለ ሁለቱ ግሦች አሠራር

እንግሊዝኛው «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» የሚለውን ረዳት ግሥ አስቀድሞ፣ በትምህርት ቤት «ቨርብ ስሪ» እያልን የምንጠራውን ሦስተኛውን የግሥ መልክ ያስከትላል። «አይ ሃቭ ኢትን»፣ «ሺ ሃዝ ጎን»፣ «ዌ ሃቭ ሲን» የሚሉት ሁሉ በዚህ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። አማርኛው ግን በተቃራኒው ዋናውን ግሥ ያስቀድማል። «በልቼ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ለብቻው ዐረፍተ ነገር አያስርም። «አለሁ» የሚለው ሲጨመርበት «በልቼ አለሁ» ይሆንና ተጣብቆ «በልቻለሁ» ይባላል። እንዲሁም «በልተሃል»፣ «በልታለች»፣ «በልተናል» የሚሉት በጅራታቸው «አለ» የሚለውን ግሥ ይዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ዝምድና አለ። የእንግሊዝኛው «ሃቭ» ለብቻው ሲቆም ገንዘብ ማድረግን ያመለክታል፤ «አይ ሃቭ ኤ ቡክ» ማለት «መጽሐፍ አለኝ» ማለት ነው። የእንግሊዝኛን ታሪክ የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የቅርብ ኀላፊው ጊዜ የተወለደው «የተጻፈ ደብዳቤ አለኝ» ከሚል ዓይነት አነጋገር ነው፤ በረጅም ዘመን ውስጥ ትርጉሙ ዞሮ «ደብዳቤ ጽፌያለሁ» ሆነ። የእኛም «አለኝ» እና «አለሁ» ሁለቱም «አለ» ከሚለው ከአንድ ግሥ የመጡ ናቸው። እንግዲህ ሁለቱም ሕዝቦች ሳይመካከሩ፣ ያለፈው ሥራ ዛሬ በእጃቸው ያለ መሆኑን ለመናገር «አለ»ንና «ሃቭ»ን መረጡ ማለት ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች አንድ ነገር ደጋግሞ ግራ ያጋባን ነበር። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ሃዝ ከም» መባል በሚገባው ስፍራ «ኢዝ ከም» የሚል ይገኛል። ይህ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ መምጣትን፣ መሄድንና መሆንን የመሳሰሉ ግሦች ረዳታቸው «ሃቭ» ሳይሆን «ኢዝ» ነበረ። ኋላ «ሃቭ» ሁሉንም ጠቅልሎ ያዘ። ያ የጥንቱ አነጋገር ለእኛ «መጥቶ አለ» በጣም ቅርብ ነበር።

2ኛ፤ ስላለፈ ጊዜና ገና ስላላለቀ ጊዜ

አሁን ወደ ዋናው ልዩነት እንግባ። በእንግሊዝኛ የቅርብ ኀላፊው ጊዜ ያለፈን ሥራ ከአሁኑ ሰዓት ጋር ያያይዛል እንጂ ሥራው መቼ እንደ ተደረገ አይናገርም። ስለዚህ ያለቀ ጊዜን ከሚሰይም ቃል ጋር አብሮ አይቆምም። «የስተርደይ»፣ «ላስት ይር»፣ «ኢን 2011»፣ «ቱ ዴይስ አጎ» ከሚሉት ጋር የሚሄደው ተራው ኀላፊ ነው። «አይ ሎስት ማይ ኪ የስተርደይ»፣ ቁልፌን ትናንት ጣልኩ፤ ይህ ትክክል ነው። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ»፣ ቁልፌ ጠፍቶብኛል፣ ስለዚህም አሁን በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ይህም ትክክል ነው። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ የስተርደይ» ግን በእንግሊዝ ጆሮ የተሰበረ አነጋገር ነው።

አማርኛ እንዲህ ያለ ክልከላ የለውም። «ትናንት መጥቻለሁ»፣ «ባለፈው ዓመት ተመርቄያለሁ» ብንል የሚያርመን የለም። እንዲያውም ጋዜጦቻችንና ራዲዮዎቻችን «ኀላፊው ትናንት በሰጡት መግለጫ አስታውቀዋል» ማለትን የዘወትር ልማድ አድርገውታል። ተማሪው ይህን ሲሰማ አድጎ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ላስት ይር» ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም። እኛም ብቻችንን አይደለንም። ፈረንሳዩ በራሱ ቋንቋ «ጄ ማንዤ የር» ሲል በ«ሃቭ» አምሳያ ግሥ «ትናንት በልቻለሁ» ማለቱ ነው፤ ጀርመኑም እንደዚሁ ይላል። ሁለቱም እንግሊዝኛ ሲማሩ የሚሰናከሉት እኛ በምንሰናከልበት ድንጋይ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ነገሩ ቅርብ ነው ወይስ ሩቅ?» የሚል አይደለም። «የቅርብ ኀላፊ» የሚለው የአማርኛ ስያሜ ራሱ እዚህ ላይ ያሳስታል። ከአምስት ደቂቃ በፊት የሆነ ነገር «ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ከተባለ በተራ ኀላፊ ይነገራል፤ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነም ነገር ፍሬው ዛሬ የሚታይ ከሆነ በቅርብ ኀላፊ ሊነገር ይችላል። መጠየቅ የሚገባው «የተጠራው ጊዜ አልቋል ወይስ አላለቀም?» ነው።

ምሳሌ እንስጥ። «ዚስ ሞርኒንግ» ማለት ዛሬ ጠዋት ማለት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የምናወራ ከሆነ ጠዋቱ ገና አላለቀም፤ «አይ ሃቭ ኢትን ቱ ባናናስ ዚስ ሞርኒንግ»፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሙዝ በልቻለሁ፣ ማለት ይቻላል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ግን ጠዋቱ አልፏልና «አይ ኤት ቱ ባናናስ ዚስ ሞርኒንግ» መባል አለበት። ሙዙ አንድ፣ በሊታው አንድ፣ ግሡ ግን በሰዓቱ ተለወጠ። በአማርኛ በሁለቱም ሰዓት «በልቻለሁ» ብንል ማንም አይገረምም።

ሁለተኛ ምሳሌ ከከተማችን ታሪክ እንውሰድ። የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እነዚህ ዓመታት አልቀዋልና በእንግሊዝኛ ሁለቱም በተራ ኀላፊ ይነገራሉ። ነገር ግን «ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ነው» ለማለት ብንፈልግ ጊዜው እስከ ዛሬ የተዘረጋ ስለ ሆነ «ኢት ሃዝ ቢን ኤ ዩኒቨርሲቲ ሲንስ 1996» እንላለን። የጋሞ ጎፋ ዞን በ2011 ዓ.ም. ተከፍሎ ጋሞና ጎፋ የየራሳቸው ዞን መሆናቸውም እንዲሁ ነው፤ ዓመቱን ስንጠራ ተራ ኀላፊ፣ ዓመቱን ሳንጠራ ዛሬ ያለውን ሁኔታ ለማስረዳት ብቻ ስንናገር የቅርብ ኀላፊ ይሆናል።

3ኛ፤ ስለ «ፎር» እና ስለ «ሲንስ»

የቅርብ ኀላፊውን አዘውትረው የሚከተሉት ሁለት ቃላት «ፎር» እና «ሲንስ» ናቸው። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት ይለካል፤ «ፎር ስሪ ይርስ» ሦስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። «ሲንስ» ደግሞ መነሻውን ያሳያል፤ «ሲንስ መስከረም» ከመስከረም ጀምሮ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን እያምታታን «ሲንስ ስሪ ይርስ» እንላለን። ርዝመትን የሚለካ «ፎር»፣ መነሻን የሚጠቁም «ሲንስ» መሆኑን ያስታወሰ ሰው አይሳሳትም።

ከቃላቱ ይልቅ የሚከብደው ግሡ ነው። እኛ ይህን ሐሳብ በአማርኛ የምንናገረው በአሁን ጊዜ ነው። «አርባ ምንጭ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው» ወይም «ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ነው የምኖረው» እንላለን። «ነው» እና «የምኖረው» ወደ እንግሊዝኛ ቀጥታ ሲገለበጡ «አይ አም ሂር ሲንስ ስሪ ይርስ» ይወጣል። እንግሊዝኛው ግን «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ» ይላል። እዚህ ላይ አማርኛው «ኖሬያለሁ» ስለማይል፣ «ሃቭ ማለት ያለሁ ማለት ነው» ብሎ የተማረው ልጅ «ሃቭ»ን ለመጥራት ምልክት አያገኝም። ሥራው እስከ አሁን ሳያቋርጥ ሲቀጥል ደግሞ እንግሊዝኛው «ቢን» እና «ኢንግ» ይጨምራል። «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩህ ነው» ለማለት «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ፎር ዩ ሲንስ ሞርኒንግ» ይባላል።

የእኅታችን ደብዳቤ ስሕተት የሚገኘው በዚሁ ክፍል ነው። በአማርኛ «አምስት ዓመት አስተማርኩ» ያለ ሰው ሥራውን መተዉና አለመተዉ ከግሡ አይታወቅም፤ ከነገሩ አካሄድ ይታወቃል። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ራሱ ይናገራል። «አይ ቶት ፎር ፋይቭ ይርስ» ያለ ሰው በሩን ዘግቶ ወጥቷል፤ «አይ ሃቭ ቶት ፎር ፋይቭ ይርስ» ያለ ግን ገና ከውስጥ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች የሚለያቸው «ሃቭ» የምትባል አንዲት ቃል ናት፤ በፈጣን ንግግርም «አይቭ» ተብላ ስለምትዋጥ ጆሯችን ሳይሰማት ታልፋለች። በጽሑፍ ስትቀር ግን ምን ያህል እንደምታስከፍል አየን።

4ኛ፤ «ሄደህ ታውቃለህ?» ስለሚለው

ሰው በዕድሜው አንድ ነገር ደርሶበት እንደ ሆነ ስንጠይቅ አማርኛ እጅግ ያማረ መንገድ አለው። «ጨንቻ ሄደህ ታውቃለህ?»፣ «ቆጮ በልተሽ ታውቂያለሽ?» እንላለን። ማወቅን ረዳት ግሥ አደረግነው ማለት ነው፤ ያየና የቀመሰ ሰው ያውቃልና። እንግሊዝኛው ስለ ማወቅ ምንም ሳያነሣ የቅርብ ኀላፊውን ከ«ኤቨር» ጋር ያቆማል። «ሃቭ ዩ ኤቨር ቢን ቱ ጨንቻ?»፣ «ሃቭ ዩ ኤቨር ኢትን ቆጮ?» ይላል። እዚህም ላይ አማርኛው «ሄደሃል» ስለማይል ተማሪው «ዱ ዩ ኖው» ብሎ ይጀምርና መሐል መንገድ ላይ ይጠፋል።

መልሱም ወጥመድ አለበት። «አይቼ አላውቅም» ስንል አሉታው በግሡ ውስጥ አለ፤ «በፍጹም» ብንጨምርበት አሉታው ይጠነክራል እንጂ አይፈርስም። በእንግሊዝኛ ግን «ኔቨር» ራሱ አሉታ ስለ ሆነ «አይ ሃቭ ኔቨር ሲን ኢት» ይበቃል። «አይ ሃቭ ኖት ኔቨር ሲን» ማለት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አይፈቀድም።

በ«ቢን» እና በ«ጎን» መካከል ያለው ልዩነትም ሊስተዋል ይገባዋል። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ጨንቻ» ማለት ሄዳለች፣ እስከ አሁን አልተመለሰችም ማለት ነው። «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ጨንቻ» ማለት ግን ሄዳ ታውቃለች፣ ወይም ሄዳ ተመልሳለች ማለት ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊታችን የተቀመጠ ሰው ስለ ራሱ «አይ ሃቭ ጎን ቱ ጨንቻ» ቢለን፣ አካሉ እዚህ ሆኖ ነፍሱ ደጋ ወጥታለች ወይ ብለን መሳቅ እንችላለን።

5ኛ፤ ስለ አሉታ፣ ስለ «የት»፣ ስለ «ኦልሬዲ» እና ስለ «ጀስት»

አማርኛ «በልቻለሁ» ለሚለው የራሱ የሆነ አሉታ የለውም። የ«በላሁ» አሉታ «አልበላሁም» ነው፤ የ«በልቻለሁ»ም አሉታ ያው «አልበላሁም» ነው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱ ሁለት አሉታ አለው። «አይ ዲድ ኖት ኢት የስተርደይ»፣ ትናንት አልበላሁም። «አይ ሃቭ ኖት ኢትን የት»፣ ገና አልበላሁም። ከሁለቱ የትኛውን እንምረጥ ስንል «አልበላሁም» ራሱ አይነግረንም፤ የሚነግረን «ገና» የሚለው ቃል ነው። አንድ ሰው «ገና» ካለ ነገሩ አላለቀም፤ ለመብላት ተስፋ አለው። ስለዚህ «ገና» በተሰማበት ስፍራ ሁሉ «ሃቭ ኖት» እና «የት» ይምጡ። «ዲድ ኖት» ከ«የት» ጋር ተጣምሮ በደብተራችን የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው።

«ኦልሬዲ» ማለት ከተጠበቀው አስቀድሞ መሆኑን ያሳያል፤ «ዘ ባስ ሃዝ ኦልሬዲ ሌፍት»፣ አውቶቡሱ ሄዷል እኮ። «ጀስት» ደግሞ አሁን ገና የሆነን ነገር ይናገራል፤ «ሂ ሃዝ ጀስት አራይቭድ»፣ አሁን ገና ደረሰ። እዚህ ላይ አማርኛው «አሁን ደረሰ» ብሎ በተራ ኀላፊ እንደሚናገር ልብ ይሏል። ቁልፉን ያገኘ ሰውም በደስታ «አገኘሁት!» ይላል እንጂ «አግኝቼዋለሁ!» አይልም፤ እንግሊዙ ግን «አይቭ ፋውንድ ኢት!» ይላል። እንግዲህ አማርኛው ተራ ኀላፊ ሲሆን እንግሊዝኛው የቅርብ ኀላፊ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ይባስ ብሎም አማርኛ ገና ላልሆነ ነገር ኀላፊ ጊዜ የሚጠቀምበት አለ። ከመኝታ ቤት ጓደኛችንን ስንጠራው «መጣሁ!» ይላል፤ ጫማውን እንኳ አላሰረም። በእንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ከም» ብሎ ቢመልስ ግን ከፊታችን ቆሞ መገኘት አለበት። ትክክሉ «አይ አም ካሚንግ» ነው።

6ኛ፤ ሁኔታን ስለሚያሳዩ ግሦች

ከሁሉ የሚሰወረው ስሕተት ይህ ነው፤ በዚህም ላይ ትንሽ እንዘግያለን። «ተቀምጧል» ስንል ምን ማለታችን ነው? የመቀመጥን ሥራ ፈጽሞ አሁን በዚያ ሁኔታ ውስጥ አለ ማለታችን ነው። የአማርኛው «አለ» ሙሉ ኀይሉን የሚያሳየው በእንዲህ ያሉ ግሦች ነው። «ቆሟል»፣ «ተኝቷል»፣ «ለብሷል»፣ «ይዟል»፣ «ደክሞኛል»፣ «ርቦኛል»፣ «ገብቶኛል»፣ «መሽቷል» የሚሉት ሁሉ መልካቸው የቅርብ ኀላፊ ነው፤ ትርጉማቸው ግን የአሁን ሁኔታ ነው።

እንግሊዝኛ እነዚህን በ«ሃቭ» አይናገርም። የዶርዜ ሸማኔ ከመወርወሪያው አጠገብ ተቀምጦ ብናየው «ሂ ኢዝ ሲቲንግ» እንላለን እንጂ «ሂ ሃዝ ሳት» አንልም። ጋቢ ለብሶ ብናየው «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጋቢ» ነው። «ደክሞኛል» «አይ አም ታይርድ»፣ «ርቦኛል» «አይ አም ሃንግሪ»፣ «ገብቶኛል» «አይ አንደርስታንድ» ይሆናል። መምህሩ «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ በተራ ኀላፊ ነው፤ ተማሪው «ገብቶናል» ብሎ የሚመልሰው በቅርብ ኀላፊ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ጥያቄውንም መልሱንም በአሁን ጊዜ ያደርጋቸዋል።

«ሞቷል» የሚለው ደግሞ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። አዲስ ወሬ ሆኖ ሲነገር «ሂ ሃዝ ዳይድ» ይባላል፤ ሁኔታውን ለመግለጽ «ሂ ኢዝ ዴድ» ይባላል፤ ዓመቱ ከተጠራ ግን «ሂ ዳይድ» ብቻ ነው። አንዱ የአማርኛ ቃል ለሦስት የእንግሊዝኛ አነጋገሮች በር ከፋች ሆነ። ስለዚህ «ያል» የሚል ጅራት ባየን ቁጥር ወደ «ሃቭ» መሮጥ አይገባም፤ አስቀድሞ «ይህ ሥራ ነው ወይስ ሁኔታ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

7ኛ፤ ስለ «ፈርስት ታይም» እና ስለ ማበላለጥ

ሁለት የተለመዱ አነጋገሮች ቀርተውናል። አንደኛው «ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ታይም» የሚለው ነው። እንግዳ ወደ አርባ ምንጭ መጥቶ ከጫሞ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ሲበላ «እንዲህ ያለ ዓሣ ስበላ የመጀመሪያዬ ነው» ይላል። «ስበላ» ገና የሚሆን ነገር ይመስላል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዚስ ኢዝ ዘ ፈርስት ታይም አይ ሃቭ ኢትን ሳች ፊሽ» ተብሎ በቅርብ ኀላፊ ይነገራል።

ሁለተኛው ማበላለጥ ነው። ከላይ ከጨንቻ መንገድ ቆሞ አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ኮረብታ የሚያይ ሰው «ካየሁት ሁሉ የሚያምር ነው» ቢል በእንግሊዝኛ «ኢት ኢዝ ዘ ሞስት ቢዩቲፉል ፕሌስ አይ ሃቭ ኤቨር ሲን» ይሆናል። እዚህ ላይ «ያየሁት» የሚለውን እንመልከት። አማርኛ በ«የ» በተያያዘ ንዑስ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አይቻለሁ» ማለትን አይፈቅድም፤ ማንም «የአይቻለሁ ቦታ» አይልም። ስለዚህ «ትናንት ያየሁት» እና «በዕድሜዬ ያየሁት» አንድ መልክ አላቸው። እንግሊዝኛው ግን በዚያም ውስጥ «አይ ሶ» እና «አይ ሃቭ ሲን» ብሎ ይለያቸዋል። አማርኛው ምልክት በማይሰጠን ስፍራ አሁንም ጊዜው ማለቁንና አለማለቁን መመርመር አለብን።

8ኛ፤ ስለ እንግሊዞችና ስለ አሜሪካኖች

እስከ አሁን የገለጽነው በተለይ የእንግሊዞችን ልማድ ነው። አሜሪካኖች በንግግራቸው «አይ ኦልሬዲ ኤት»፣ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ማለትን ያዘወትራሉ። በአገራችን ይህ ልዩነት የቈየ ነው። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ በትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ ሲስፋፋ የእንግሊዞች እጅ ነበረበት፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየአውራጃው ተበተኑ። ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ነገር፣ መምህሩ ሌላ ነገር ሲል መስማት ለኢትዮጵያ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም። ይሁን እንጂ አሜሪካኑም ቢሆን «አይ ሃቭ ኢትን የስተርደይ» አይልም፤ «ሲንስ 1996» ሲልም «ሃቭ»ን አይተውም። ልዩነታቸው በተለይ በ«የት»፣ በ«ኦልሬዲ» እና በ«ጀስት» ዙሪያ ነው ለማለት ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነውን ስንሰበስበው ችግሩ አማርኛ በመድኀኒት የሚፈወስ ጉድለት ስላለበት አይደለም። አማርኛ የቅርብ ኀላፊ አለው፤ አሠራሩም ከእንግሊዝኛው ጋር የሚቀራረብ ነው። ችግሩ የሁለቱ ወሰን አለመግጠሙ ነው። አማርኛው «ያለሁ» በሚልበት ስፍራ እንግሊዝኛው አንዳንድ ጊዜ ተራ ኀላፊ፣ አንዳንድ ጊዜም የአሁን ጊዜ ይሆናል። አማርኛው «ነው»፣ «ታውቃለህ»፣ «ስበላ» ወይም «አልበላሁም» በሚልበት ስፍራ ደግሞ እንግሊዝኛው «ሃቭ» ይላል። «ሃቭ ኢትን ማለት በልቻለሁ ማለት ነው» ተብሎ ብቻ የተማረ ልጅ ግን በሁለቱም በኩል መሪ የለውም።

ስለዚህ ለመምህራንና ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከትርጉሙ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። አንደኛ፣ የተጠራው ጊዜ አልቋልን? ካለቀ ተራ ኀላፊ ይሁን። ሁለተኛ፣ ነገሩ ወይም ጊዜው እስከ አሁን ይደርሳልን? ከደረሰ የቅርብ ኀላፊ ይሁን። ሦስተኛ፣ የምንናገረው ስለ ሥራ ነው ወይስ ስለ ሁኔታ? ሁኔታ ብቻ ከሆነ የአሁን ጊዜ ይሁን። ሦስቱንም በአማርኛም ሆነ በጋሞኛ መጠየቅ ይቻላል፤ ተማሪው መልሱን በራሱ ቋንቋ ካገኘ በኋላ እንግሊዝኛውን ይምረጥ።

እኅታችን በዚህ ዓመት እንደገና አመልክታለች። በአዲሱ ደብዳቤዋ ላይ «አይ ሃቭ ቢን ቲቺንግ ኢን ዚስ ስኩል ፎር ሲክስ ይርስ» የሚል ተጽፏል፤ ዓመቱ አንድ ጨምሯልና። መልሱን ገና አልሰማችም፤ «ሺ ሃዝ ኖት ሄርድ የት»። «የት» እንዳለ ተስፋ አለ።

በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኘ ወይም ከራሱ ቋንቋ ተጨማሪ ምሳሌ ያለው አንባቢ እንዲያርመንና እንዲያስረዳን በትሕትና እንለምናለን።